ባዶ መርከብ ባዶውን አይሄድም

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፉሪ፣ ሰፈራችን ባለችው ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ያወራሁት ነው። «በጽሑፍ ላክልን» ያላችሁኝ ስለበዛችሁ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ስናገር የዘለልኩትን ጨምሬያለሁ። የደጋገምኩትን ደግሞ ቀንሻለሁ፤ ሁሉንም ግን አይደለም።

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያልደረሳችሁ ከኋላ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ግን ሁላችሁም አንድ ጫፍ ላይ እንዳትከመሩ። ሌላኛው ጫፍ ብድግ ይልና ትወድቃላችሁ። ዛሬ የምናወራውም ስለዚሁ ነው።

ርእሱ ባላስት ነው። ይህን ስል ግማሾቻችሁ ወደ ጣሪያው ቀና አላችሁ፣ አይቻለሁ። ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው ባላስት ሲባል ትዝ የሚለው ፍሎረሰንት ውስጥ ያለው፣ ሊበላሽ ሲል ዝዝዝ የሚለው ነገር ነው። ባቡር ጣቢያው አካባቢ የቀን ሥራ የሠራችሁ ልጆች ደግሞ ባላስት ማለት ሐዲዱ ሥር የሚነጠፈው ጠጠር እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሁላችሁም ልክ ናችሁ። የስሙ አባት ግን መርከብ ነው። እኔም ዕድሜዬን መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ ከአባትየው ልጀምር። አንድ ነገር ብቻ፦ ዓመተ ምሕረቱን በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ መሐል ላይ እየቀነሳችሁ አታደናግሩኝ።

ባላስት ሚዛን ለመጠበቅ ተብሎ ብቻ የሚጫን ክብደት ነው። አይሸጥም፣ አይበላም፣ ማንም ኪራይ አይከፍልበትም። የመርከቡ ባለቤት እንደውም ይጠላዋል፤ ነዳጅ የሚያቃጥል የማይከፍል ተሳፋሪ ነው። ግን ያለ እሱ ብዙ መርከብ ከወደብ አይወጣም።

እዚህ ሰፈር ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ ወይም አሮጌ ጎማ ያልጫነ ማን ነው? እሱም የባላስት ዘመድ ነው፣ በየካቲት ነፋስ ቤታችንን የያዘልን እሱ ነው። ግን ጣሪያ ላይ ያለው ድንጋይ ቆርቆሮውን ተጭኖ ይዞ ነው የሚጠቅመው። መርከብ ላይ ያንኑ ድንጋይ ጣሪያው ላይ ብትጭኑት ገዳይ ነው። ስለዚህ «ክብደት ያረጋጋል» የሚለውን ነገር እርሱት። የሚያረጋጋው ክብደቱ ሳይሆን የተቀመጠበት ቦታ ነው።

ይኸው ባልዲ፣ ይኸው ሃይላንድ። ባዶውን ክዳኑን ዘግቼ ውሃው ላይ ስጥለው ምን ሆነ? በጎኑ ተኛ። አሁን ሦስት ጣት ያህል አሸዋ ልጨምርበት። ቆመ! በጣቴ ስገፋው ይንገዳገድና ተመልሶ ይቆማል። መርከብም እንዲሁ ነው። ወደ ጎን ሲያጋድል ውሃ ውስጥ ያለው የአካሉ ቅርጽ ይለወጣል፣ ውሃው ወደ ላይ የሚገፋበት ቦታም ወዳጋደለበት ጎን ይሄዳል። ክብደቱ ታች ካለ ያ ግፊት ትከሻ ሰጥቶ ያቃናዋል። ክብደቱ ከልክ በላይ ወደ ላይ ከወጣ ግን ያው ውሃ፣ ቅድም ሲያቃናው የነበረው፣ ራሱ ይገለብጠዋል።

ጅቡቲ የምትመላለሱ ሾፌሮች እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ማዳበሪያ ወይ ስንዴ ጢም አድርጎ የመጣውን መርከብ አይታችኋል፤ ሲያራግፍ ከውሃው እየወጣ እየወጣ ሄዶ ቀይ የተቀባው ሆዱ ይታያል። ከዚያ ምን ይዞ ይመለሳል? ቡናችንና ሰሊጣችን በኮንቴይነር፣ በሌላ መርከብ ነው የሚሄዱት። እሱ የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ውሃ ጠጥቶ ነው የሚወጣው። ትልልቆቹ በአስር ሺዎች ቶን የሚቆጠር ውሃ ይጠጣሉ። ባዶውን ቢሄድ ባሕር ላይ እንደ ፎቅ ቆሞ ነፋስ ይጫወትበታል፣ ፕሮፔለሩም ግማሹ ከውሃ ወጥቶ አየር ይመታል፣ መሪውም እሺ አይለውም። ባሕረኞች እንዲህ ያለውን መንገድ «በባላስት መሄድ» ይሉታል። ብዙ ነገር አስገብቶ ጥቂት የሚያወጣ አገር መርከብ ሲሸኝ በአብዛኛው የሚያሳፍረው ውሃ ነው። ይህን ያልኩት ኢኮኖሚ ልተነትን አይደለም፤ ዴክ (የመርከቡ የላይኛው ወለል) ላይ ቆሜ ብዙ ጊዜ ያሰብኩት ነገር ስለሆነ ነው።

ውሃ መጠጣት የመጣው ግን ዘግይቶ ነው። ድሮ ባላስት ማለት ድንጋይና አሸዋ ነበር፤ ሰው በአካፋ ይጭነዋል፣ ሰው በአካፋ ያራግፈዋል። አሜሪካ ሳቫና የሚባል ከተማ ውስጥ እስከ ዛሬ መኪና የሚሄድበት መንገድ አለ፣ ድንጋዩ መርከቦች ከባሕር ማዶ ለሚዛን ይዘውት መጥተው ጥጥ ሲጭኑ የጣሉት ነው። እንግሊዝ አገር ደግሞ የድንጋይ ከሰል ሊጭኑ ባዶ የመጡ መርከቦች የጣሉት ጠጠር ለከሰል ጋሪው ሐዲድ መደላድል ሆነ፤ ባላስት የሚለው ስም ወደ ባቡር የተሻገረው በዚያ ነው ይባላል። ስለዚህ ከሰበታ ተነስቶ በዚህ በእኛ በኩል አልፎ ጅቡቲ የሚገባው ሐዲድ ሥር ያለው ጠጠር ስሙ ከባሕር የመጣ ነው። ሥራው ግን ሌላ ነው። የባቡሩን ክብደት መሬቱ ላይ ያሰራጫል፣ የዝናብ ውሃ ያሳልፋል፣ ሐዲዱ የተኛባቸው አግዳሚዎች እንዳይንሸራተቱ ይነክሳቸዋል። ለዚህ ነው የተፈለጠ፣ ጠርዝ ያለው ድንጋይ የሚመረጠው፤ የወንዝ ድቡልቡል ጠጠር እርስ በርሱ አይያያዝም። ከ1850ዎቹ ወዲህ የብረት መርከብ ሲመጣ ግን የመርከብ ድንጋይ ቀረ። ፓምፕ ካለ ለምን አካፋ?

አሁን ሰው ሁሉ ተገላቢጦሽ ወደሚረዳው ነገር ልምጣ። ተሳፋሪ የሚወደው መርከብ የትኛው ነው? ቀስ ብሎ አጋድሎ ቀስ ብሎ የሚመለስ፣ እሹሩሩ የሚል መርከብ። ባሕረኛ የሚፈራው የትኛውን ነው? ያንኑን! ከታች በቂ ክብደት ያለው መርከብ ሲያጋድል ቶሎ ይመለሳል፣ ይወረውርሃል፣ ሾርባህን ይደፋብሃል፣ ሌሊቱን ሙሉ አልጋህን ይዘህ ታድራለህ። ያበሳጫል እንጂ አያስፈራም። (እሱም ቢሆን ከመጠን ሲያልፍ የጭነት ማሰሪያ ይበጥሳል፤ ስለዚህ ዝም ብሎ ታች መቆለል ብልሃት አይደለም።) እሹሩሩ የሚለው ግን ወደ አንድ ጎን ሄዶ እዚያ ትንሽ ቆም ይላል። «ልመለስ ወይስ ልቅር?» ብሎ የሚያስብ ይመስላል። ያቺ ቆም የምትለው ነገር ናት ሆድ የምታባባው። የድሮ ካፒቴኖች ሰዓት ይዘው መርከቡ ደርሶ መልስ ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅበት ይቆጥሩ ነበር፤ ሲረዝም ባላስት ጨምሩ ይላሉ። ዛሬ ኮምፒውተር አለ፣ ግን የሚቆጥር ሽማግሌ እኔም አይቻለሁ።

የዚህ ታሪክ ማሳያው ቫሳ የሚባለው መርከብ ነው። ነሐሴ 10 ቀን 1628፣ ስቶክሆልም። እኛ አገር ዐፄ ሱስንዮስ በነገሡበት ዘመን የስዊድኑ ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ ከፖላንድ ጋር ጦርነት ላይ ነበርና የጦር መርከብ ያሠራል። ሁለት ደርብ መድፍ፣ 64 መድፍ፣ ከላይ እስከ ታች ቅርጻ ቅርጽ። ከመጓዙ በፊት ሙከራ ተደረገ። 30 ሰዎች ዴክ ላይ ከአንድ ጎን ወደ ሌላው አብረው እንዲሮጡ ታዘዙ። ሦስት ጊዜ ሮጡ። መርከቡ ክፉኛ ስለተወዛወዘ ሊገለበጥ ነው ተብሎ ሙከራው ቆመ። ጉዞው ግን አልቆመም! ንጉሡ በደብዳቤ «የት ደረሰ?» እያለ እየወተወተ ማን ይናገር?

ወጣ። ወደ 1,300 ሜትር እንደሄደ ነፋስ መታው፣ አጋደለ፣ ውሃ በታችኛው የመድፍ መስኮቶች ገባ፣ ሰመጠ። ዳርቻው ላይ ሊሸኝ የወጣ ሕዝብ እያየ።

ሆዱ ውስጥ 120 ቶን ያህል ድንጋይ ነበረ። «ታዲያ ለምን አልጨመሩም?» ብሎ ቅድም አንድ ልጅ ጠየቀኝ። ጎበዝ፣ ጥያቄው እሱ ነው። ቢጨምሩ መርከቡ ዝቅ ይላል፣ ዝቅ ሲል የታችኞቹ የመድፍ መስኮቶች ውሃው አፍ ላይ ይደርሳሉ። ከላይ የተበላሸውን ከታች በድንጋይ ማካካስ የሚቻለው እስከተወሰነ ድረስ ነው። ምርመራ ተካሄደ፣ ሁሉም እጁን ወደ ሌላው ቀሰረ፣ ማንም አልተቀጣም። መርከቡ 333 ዓመት ውሃ ውስጥ ከቆየ በኋላ በ1961 ወጥቶ አሁን ሙዚየም ውስጥ ነው።

ቀጥሎ ስለ ውሃ ክፋት። ሰፈራችን በቦቴ ውሃ የምትጠብቁ፣ ስሙኝ። ሙሉ ቦቴ ከባድ ነው፣ ባዶ ቦቴ ቀላል ነው፣ ተንኮለኛው ግማሹ ነው። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ መኪናው ይቆማል፣ ውሃው አይቆምም። ግማሽ ጀሪካን ተሸክሞ የሮጠ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። መርከብ ላይ ይሄ የሚብሰው ውሃው ወዳጋደለበት ጎን ስለሚፈስ ነው፤ መርከቡ ይወድቃል፣ ውሃው ደግሞ ሄዶ ጀርባውን ይገፋዋል። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው፦ ታንኩ ወይ ጢም፣ ወይ ባዶ። ግማሽ የሆነ ታንክ በተቻለ መጠን አንድም እንዳይኖር። ሰፊ ታንክ መሐሉን በግድግዳ ለሁለት ሲከፈል ይህ ችግር በግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ነው የሚወርደው። ቦቴም ሆዱ ውስጥ እንዲህ ያሉ ግድግዳዎች አሉት፤ ቀዳዳ አላቸው፣ ውሃው ያልፋል ግን አይሮጥም።

እኔ ራሴ ያጠፋሁትን ልናገር። ወጣት ሳለሁ አንድ ወደብ ላይ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። የግራውን ታንክ ሙላ ተባልኩ፣ የቀኙን ቫልቭ ከፈትኩ። እንቅልፍ ነበረብኝ። ምንም ድምፅ የለም፣ ምንም የሚጮህ ነገር የለም፤ ፓምፑ በሰላም ይሠራል። የገባኝ የሻይ ብርጭቆዬ ጠረጴዛው ላይ ብቻዋን መሄድ ስትጀምር ነው። ከላይ ወጥ ቤት ውስጥ ድስት ሲንኮታኮት ተሰማ፣ ከዚያ ወጥ ሠሪው በማላውቀው ቋንቋ ሲሳደብ። ስድቡ ግን ገብቶኛል። መርከቡን ለማቃናት ጥፋቱ ከፈጀው ጊዜ በላይ ወሰደብኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቫልቭ ስከፍት «ግራ» ብዬ በአማርኛ ጮክ ብዬ ነው የምከፍተው። ይስቁብኝ ነበር፣ ይሳቁ።

የኔ በሻይ አለፈ። በ2006 ኩጋር ኤስ የምትባል መኪና ጫኝ መርከብ ከጃፓን ወደ ሰሜን አሜሪካ ስትሄድ፣ አላስካ አጠገብ ባሕር ላይ ባላስት ውሃዋን ስትለውጥ ሚዛኗን ሳተችና ወደ 60 ዲግሪ ገደማ ተጋድማ ቀረች። ውስጧ 4,700 ያህል አዳዲስ መኪና ነበረ። 23ቱም ሠራተኞች በሄሊኮፕተር ተርፈዋል፣ መርከቧም በኋላ ተቃንታለች፤ ለማቃናት ከሄዱት ባለሙያዎች አንዱ ግን ወድቆ ሞተ። መኪኖቹ ከማሰሪያቸው ብዙም አልተነቃነቁም። ቢሆንም ሳይሸጡ ተፈጩ።

«ባሕር መሐል ለምን ውሃ ይለውጣሉ?» ትሉኝ ይሆናል። ምክንያቱም ውሃው ብቻውን አይደለም። አንድ ወደብ ላይ ውሃ ስትጠጣ እንቁላሉን፣ እጩን፣ አልጌውን ሁሉ ትጠጣለህ፣ ሌላ አገር ሄደህ ትተፋዋለህ። ጥፍር የምታክል፣ እንደ ሜዳ አህያ ዝንጉርጉር የሆነች ባለ ሁለት ልባስ የውሃ ፍጥረት ከጥቁር ባሕርና ከካስፒያን አካባቢ ተነስታ በአሜሪካና በካናዳ መሐል ባሉት ታላላቅ ሐይቆች በ1988 ተገኘች። የመጣችው በባላስት ውሃ ነው። ተራብታ ተራብታ የውሃ ቱቦ መግቢያ መድፈን ጀመረች። እኛ ጣና ላይ እንቦጭ ምን እንዳደረገን እናውቃለን። እንቦጭ በመርከብ ሆድ አልመጣም፣ ነገር ግን እንግዳ ፍጥረት ጠላት የሌለበት ውሃ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ለማሳየት ከእሱ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። በዚህ የተነሳ በ2004 ዓለም አቀፍ ስምምነት ተፈረመ፣ ሥራ ላይ የዋለው በ2017 ነው። መጀመሪያ ላይ መፍትሔው ከባሕር ዳርቻ ርቆ ውሃውን በጥልቅ ባሕር ውሃ መለወጥ ነበር፤ አሁን በማጣሪያና በጨረር ወይም በኬሚካል ማጽዳት ግዴታ እየሆነ መጥቷል። ጥሩ ሕግ ነው። ማሽኑ ግን ሲበላሽ ሞተር ክፍል ያለው ሰው እንቅልፍ የለውም፣ ይህንንም ልናገር።

ወደ ሰማይ እንውጣ። «የሞተር ክፍል ሰው ስለ አውሮፕላን ምን ያውቃል?» እንዳትሉኝ፣ ክብደት የትም ክብደት ነው። አንዴ በትንሽ አውሮፕላን ወደ ክፍለ ሀገር ስሄድ አስተናጋጇ መጥታ «አባት፣ ወደ ኋላ ቢዛወሩልን» አለችኝ። አጠገቤ የነበሩ እናት ቂም ያዙባት፣ የናቀችን መስሏቸው። ልጅቷ ባላስት እያደረገችን ነበር! አውሮፕላን በክንፉ ላይ የተንጠለጠለ ሚዛን ነው። ክብደቱ ወደ ፊት ሲበዛ አፍንጫው ይከብዳል፣ ለመነሳት ይለግማል። ወደ ኋላ ሲበዛ ግን አፍንጫው ይነሳል፣ አብራሪው መሪውን ገፍቶ ገፍቶ ላይወርድለት ይችላል። ሁለተኛው ነው ክፉው። ስለዚህ ከመነሳት በፊት ሻንጣው፣ ነዳጁና ሰዉ የት እንደተቀመጠ ይሰላል፤ እኛ ግን የምንጨቃጨቀው በመስኮት ወንበር ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ኮንኮርድ የሚባለው የድሮ የመንገደኛ አውሮፕላን ነው። ከድምፅ በላይ ሲፈጥን ክንፉ የሚያነሳበት ቦታ ወደ ኋላ ይሸሻል። ምን አደረጉ? 20 ቶን ገደማ ነዳጅ በፓምፕ ወደ ኋላ ታንክ አሸሹለት፣ ፍጥነቱን ሲቀንስ መለሱለት። ነዳጁ ምግቡም ባላስቱም ነበር። የመጀመሪያው ቦይንግ 747 በ1969 መሞከር ሲጀምር ደግሞ በተሳፋሪ ፈንታ በርሜል ውሃ ነበር የተደረደረለት። ሞተር የሌላቸው ተንሸራታች አውሮፕላኖች ክንፋቸው ውስጥ ውሃ ይሞላሉ፤ ለሚዛን አይደለም፣ ከብደው እንዲፈጥኑ ነው። ሊያርፉ ሲሉ ይደፉታል።

ያልታሰረ ክብደትስ? በ2013 አፍጋኒስታን ባግራም አንድ የጭነት ቦይንግ 747 አምስት ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎች ጭኖ እንደተነሳ ወደቀ፣ ሰባቱም ሰዎች ሞቱ። ብዙ ሰው ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሄደ ብቻ ይመስለዋል። ምርመራው ያለው ከዚያ ይለያል፦ ማሰሪያው በቂ ስላልነበረ ቢያንስ አንዱ ተሽከርካሪ ወደ ኋላ ሄዶ የጭራውን መቆጣጠሪያ ሰበረው። ሚዛኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ አብራሪዎቹ አይሸነፉም ነበር ነው የሚሉት።

ባላስት ደግሞ የሚወደደው ሲጣል የሆነበት ቦታ አለ። በ1785 ብላንሻርና ጄፍሪስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በፊኛ ከእንግሊዝ ወደ ፈረንሳይ ባሕሩን ሲሻገሩ ፊኛው ይወርድባቸው ጀመር። አሸዋውን ጣሉ። ምግቡን ጣሉ። ኋላ ልብሳቸውን ሁሉ አውልቀው እየጣሉ ደረሱ። በ1960 ደግሞ ዣክ ፒካርና ዶን ዋልሽ ትሪየስት በምትባል ጠላቂ ሆነው ወደ 11 ሺህ ሜትር ገደማ፣ የውቅያኖሱ ጥልቁ ቦታ ወረዱ። የወረዱት በቶን በሚቆጠር ደቃቅ የብረት እንክብል ክብደት ነው። ለመውጣት ብረቱን መጣል አለባቸው። ያንን ብረት ምን ይዞት ነበር መሰላችሁ? የኤሌክትሪክ ማግኔት! መብራት ከጠፋ ማግኔቱ ይለቃል፣ ብረቱ ይወድቃል፣ እነሱ ወደ ላይ ይወጣሉ። መብራት መጥፋት ነፍስ የሚያድንበት ብቸኛ ሰፈር እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ከጥያቄዎቹ ሁለቱን ብቻ ልጻፍ።

አንዱ ባጃጅ ነጂ ነው። «ጋሼ፣ አንድ ኩንታል ጤፍ የት ልጫን?» አለኝ። ወለሉ ላይ፣ መሐል። ጣሪያ ላይ በፍጹም። ባጃጅ ከፊት አንድ እግር ነው ያለው፤ እየታጠፍክ ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ሁሉ ወደዚያች አንድ እግር ይሄዳል፣ ያኔ ነው የሚገለበጠው። መጀመሪያ ቀንስ፣ ከዚያ ታጠፍ። ሰው ከጫንክ ደግሞ አንዱን ብቻ ጥግ ላይ አታስቀምጥ፣ ወደ መሐል ጠጋ በል በለው። ይሰድብሃል፣ ግን ቤቱ ይገባል።

ሁለተኛው ጎረቤቴ ናቸው። ባለፈው ነፋስ ባዶ ሮቷቸውን ከብረት ማማው አንስቶ እኔ ግቢ ጎመኑ ላይ ጥሎታል። «ግማሽ ውሃ ቢኖረውስ ኖሮ? ግማሽ ተንኮለኛ ነው አላልክም?» አሉኝ። ጋሼ፣ ተንኮለኛ የሚሆነው ሲሄድ ነው። ሮቶ ቦታው ላይ የቆመ ነው፤ ባለ 2,000 ሊትሩ ግማሽ ሲሞላ አንድ ቶን ነው፣ ነፋስ ወዴትም አይወስደውም። ማማው ብቻ መሸከም ይቻል። ችግሩ ውሃ የሚጠፋውም ነፋስ የሚበረታውም በአንድ ወቅት መሆኑ ነው፣ ያኔ ግማሹም አይኖርም። ስለዚህ ሽቦ ይግዙ፣ እሑድ ጠዋት መጥቼ አብረን እናስረዋለን። የጎመኑን ነገር ደግሞ እዚያው እንነጋገራለን።